ኮምጣጤና የጠፋችው ነጥብ

ኮምጣጤ ይሏታል። ዞር ስትል ነው እንጂ ፊት ለፊቷማ «እህቴ» ናት፣ «የኛ ጎበዝ» ናት። አንድ ቀን ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ «ኮምጣጤ ደግሞ የት ገባች?» የሚል ድምፅ ከበሩ ጀርባ ሰማችና፣ ገብታ ወንበሯን እየሳበች «ጠርሙሴን ልሞላ ሄጄ ነው» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ መደበቁን ተዉት።

ሥራዋ የኮምፒውተር መሐንዲስነት ነው። መሐንዲስ ሲባል ድልድይ የምትዘረጋ እንዳይመስላችሁ። የተቀጠረችበት ድርጅት ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች ፕሮግራም ይሸጣል፤ መድኃኒት የሚመዘግቡበት፣ በየጠርሙሱ ላይ የምትለጠፈውን የአወሳሰድ ወረቀት የሚያትሙበት ፕሮግራም። ፕሮግራሙ ሲያምጽባቸው በኦንላይን ይጽፋሉ፣ ሲብስባቸው ይደውላሉ። ኮምጣጤና ሦስት ባልደረቦቿ ከጎማ መሸጫ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የጎማ ሽታ ግድግዳውን በጠገበ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይመልሱላቸዋል። እሷ እዚያ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች።

የሚጽፉላት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ተራ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ የራሳቸውን ፕሮግራም ከዚህኛው ጋር ለማገናኘት ደፋ ቀና የሚሉ የሌላ ድርጅት ፕሮግራመሮች ናቸው። ኮምጣጤ ሁለቱንም እኩል ትንቃለች፤ በዚህ በኩል አድልዎ የለባትም።

ተጠቃሚ ማለት ለእሷ «ኮምፒውተሬ ጭራሽ አይሠራም» ብሎ ከዚያው ከማይሠራው ኮምፒውተር የሚጽፍ ፍጡር ነው። የይለፍ ቃሌ ጠፋብኝ ብሎ የይለፍ ቃሉን ጽፎ የላከላት አለ። የስሕተት መልእክቱን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ ስትል፣ አውራ ጣቱን መልእክቱ ላይ ጋርዶ ጥፍሩን ብቻ አጥርቶ የላከላት አለ። ፕሮግራመር ደግሞ «መመሪያውን አንብቤያለሁ» ብሎ ይጀምራል። «ያነበበ ሰው አንብቤያለሁ አይልም» ትላለች ኮምጣጤ፣ «የበላ ሰው በልቻለሁ እያለ ይዞራል እንዴ?»

ይሁን እንጂ ሰው ሲንቅ ብዙውን ጊዜ ላለመሥራት ነው፤ እሷ ግን ሠርታ ነው የምትንቀው። ጥፋቱን እስክታገኘው አትለቅም። እየተሳደበች ትፈልጋለች፣ እየተሳደበች ታገኛለች፣ ከዚያ አንድ ስድብ የሌለበት፣ አንድ ማሞካሻ የሌለበት፣ ሦስት መስመር መልስ ትጽፋለች። የጻፈችውን ያደረገ ሰው ችግሩ ይለቀዋል። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ በሚሰባሰቡበት የመወያያ ገጽ ላይ አንዱ ሲቸገር ሌላው «የሷን መልስ ፈልግ፤ ልብህን ይሰብረዋል፣ ግን ይሠራል» ይለዋል።

ቤቷ ከቢሮው ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ባሏ ከስድስት ዓመት በፊት «ራሴን ልፈልግ» ብሎ ሄደ። ሲሄድ ሁለት ሻንጣ ያዘ፣ አንድ ምንጣፍ ያዘ፣ እናቱን ግን ረሳ። አማቷ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁና «እሱ ራሱን ይፈልግ፤ እኔ የራሴን አልጣልኩትም፤ የትም አልሄድም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አብረው ይኖራሉ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ምላስ። አማትየው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ገመድ እየነቀሉ ገመድ እየሰኩ ሰውን ከሰው የሚያገናኙ። ምሳ ሰዓት ላይ ኮምጣጤ የዕለቱን ጉድ ታወራላቸዋለች፣ እሳቸውም ከዚያ ዘመን አንድ የባሰ ጉድ ያመጡና ይበልጧታል።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እስኪመጣ ድረስ።

ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በፊት የፍራሽ ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ነበር። ጥርሱ ከሰላምታው ቀድሞ ይደርሳል። ኮምጣጤ በመጀመሪያው ቀን «አቶ ፈገግታ» አለችው፣ ስሙ በዚያው ጸና። አቶ ፈገግታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ስክሪን አሰቀለ። ስክሪኑ ላይ የአራቱም ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን በዕለቱ ስንት ጥያቄ እንደዘጋ ቁጥሩ ይሮጣል። ጥያቄው መፈታቱን የሚያሳይ ቁጥር የለም። መዘጋቱን ብቻ ነው።

ከአራቱ አንዱ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስር፣ በዕድሜ የእሷ እኩያ የሆነ ሰው፣ ይህን ስክሪን ሲያይ ዕጣው የወጣለት መሰለው። ለማንኛውም ጥያቄ አንዲት መልስ አዘጋጀ። «ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን። እባክዎ ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።» ይህችን ይለጥፍና ጥያቄውን «ተፈትቷል» ብሎ ይዘጋዋል። ሰውየው ዘግቶ ሳይከፍት ጥያቄው ተዘግቶ ያድራል። ኮምጣጤ «መዝጊያው» አለችው። «ይህ ሰው» አለች ለአማቷ፣ «ቤቴ እየተቃጠለ ነው ብትይው፣ በሩን ዘግተሽ ክፈቺው ነው የሚልሽ።» መዝጊያው በወሩ መጨረሻ አንደኛ ወጣና ፎቶው በመስታወት ተከቦ ከስክሪኑ ሥር ተሰቀለ። ኮምጣጤ አራተኛ ወጣች። አራት ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከከተማ ወጣ ካለች ትንሽ ክሊኒክ የመጣ ጥያቄ ኮምጣጤ ላይ ወደቀ። የላከችው የክሊኒኩ ፋርማሲስት ናት፤ ጽሑፏ እንደ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አሁንም ያው ነገር ነው። ፕሪንተራችን ነጥብ እየበላ ነው።»

ኮምጣጤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ነጥብ የሚበላ ፕሪንተር! ምነው፣ ቁርስ ሳይበላ ነው የወጣው?» ክፍሉ ሳቀ። መዝጊያው ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ «እሷን አውቃታለሁ፣ ሦስት ጊዜ ዘግቻታለሁ» አለ። ኮምጣጤ እንደ ልማዷ አንድ መስመር መለሰች፤ ፕሪንተር እንደማይበላና ስክሪኑንና ወረቀቱን ጎን ለጎን በፎቶ እንድትልክ።

ፎቶው በአምስት ደቂቃ መጣ። አውራ ጣት የለበትም። ብርሃኑ ልክ ነው። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ፣ ሁለቱን ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ከብባ ነበር ያነሳችው። መድኃኒቱ የሕፃናት ትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ ነው። ስክሪኑ «2.5 ሚሊ» ይላል። ወረቀቱ «25 ሚሊ» ይላል።

ኮምጣጤ በጽሑፍ አልመለሰችም። ስልክ አነሳች።

«ይህን ወረቀት ለሰው ሰጥታችኋል?»

«ኧረ የለም፣ እህቴ!» አለች ፋርማሲስቷ፤ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ የማይቸኩል ሴት ናት። «በእጄ ነጥቡን እየጨመርኩ ነው የምለጥፈው። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ሁለት እስክሪብቶ ጨርሻለሁ።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ዝም አለ? ጻፍኩ፣ ዝጊና ክፈቺው አላችሁኝ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ዝጊና ክፈቺው አላችሁኝ። ከመዝጋትና ከመክፈት ብዛት የክሊኒኩን በር ራሱን ዘግቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝ። አሁን ደግሞ አንቺ ፕሪንተር አይበላም አልሽኝ።»

ኮምጣጤ ፎቶውን እንደገና ከፈተችው።

«አትሚ የሚልዎት ሰው ቢመጣ እንዳያትሙ» አለች፣ «ሁሉንም በእጅ ይጻፉ። እመለስበታለሁ።»

ከዚያ ወደ ፕሮግራመሮቹ ክፍል ሄደች። ፕሮግራሙን የሠራው ዋና ፕሮግራመር ጆሮው ላይ ትልልቅ ማዳመጫ ደፍቶ የሚውል፣ ሰው ሲያናግረው ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። ሙሉውን ማውለቅ ክብሩን የሚነካ ይመስለዋል። «ጌታው» ነው የምትለው። ጌታው አንድ ጆሮውን ከፍቶ ሰማት፣ ቁጥሩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ አወጣ።

«ሁለት ነጥብ አምስት። በእኔ በኩል ልክ ነው።»

«ስክሪኑ ላይማ እሷም ጋ ልክ ነው። አትመህ አይተኸዋል?»

«እኛ ክፍል ፕሪንተር የለም።»

ኮምጣጤ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። «የማተሚያ ፕሮግራም የምትሠሩበት ክፍል ውስጥ ፕሪንተር የለም።»

«አስፈልጎን አያውቅም።»

«ዓሣ አጥማጅ ባሕር አስፈልጎት አያውቅም ማለት ነው» ብላ ወጣች። ከዕቃ ማስቀመጫው ክፍል፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር፣ ክሊኒኮቹ የሚጠቀሙበትን ዓይነት ርካሽ የተለጣፊ ፕሪንተር አቧራውን እያራገፈች አመጣችና ጌታው ጠረጴዛ ላይ፣ ኪቦርዱ ላይ፣ ቁጭ አደረገችው። የኮምፒውተሩን የቋንቋ ምርጫ እንደ ክሊኒኩ አደረገችና አተመች። ወረቀቷ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። «25 ሚሊ።»

ጌታው ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሮው አወለቀ።

ጥፋቱ ሲገኝ ከምስጥ ያነሰ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሁሉም ደንበኞች የተላከው ማሻሻያ፣ የኮምፒውተሩ ቋንቋ በአንድ ዓይነት ከተመረጠ ወደ ፕሪንተሩ በነጥብ ፋንታ ኮማ ይልካል። ያ ርካሽ ፕሪንተር ደግሞ ኮማ አያውቅም፤ ያላወቀውን ይዘለዋል። ሁለትና አምስት ተጠጋግተው ሃያ አምስት ይሆናሉ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የፕሪንተሩ ነው» አለ ጌታው።

«ፕሪንተሩ ባለፈው ወር ነጥብ ያትም ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል፤ አንተ ደግሞ ገርፈህ የተገረፈውን ትከሳለህ። ስንት ክሊኒክ ነው እንዲህ ያለ ፕሪንተር ያለው?»

ጌታው ቆጠረ። አርባ አንድ። ማስተካከያው አንድ ቀን እንደሚፈጅ ነገራት።

ኮምጣጤ ወረቀቷን በጣቷ እንደያዘች አቶ ፈገግታ ቢሮ ገባች። መዝጊያው እዚያው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ነገሩን አስረዳችና «አሁኑኑ ለአርባ አንዱም እንደውል፣ ለሁሉም ደግሞ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይውጣ» አለች።

አቶ ፈገግታ ወረቀቷን በክብር ተቀበለ፣ አገላብጦ አየ፣ ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ሥራ ነው የሠራሽው። ግን ሐሙስ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ።» ሐሙስ ብዙ ሆስፒታሎች ያሉት አንድ ትልቅ ድርጅት ፕሮግራሙን ለመውሰድ የሚፈርምበት ቀን ነው። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ብለን እናስተካክለዋለን። ማንም ሳይደነግጥ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ሁለት ቀን ምን አላት? የሞተ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያውስ!»

«እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?»

ፈገግታው ሳይጠፋ ደረቀ። «እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ እንዳታደርጊ።»

መዝጊያው ሻዩን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የማየው ችግር» አለ፣ «የአነጋገር ቃና ነው። ደንበኛ ይሸበራል።» ከዚያ በስልኩ አንድ ነገር ነካ ነካ አደረገና «የሴትየዋን ጥያቄ ዘግቼዋለሁ፣ አታስቢ» አላት። ኮምጣጤ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ስታየው እውነትም ተዘግቷል። «ተፈትቷል» ይላል። በስክሪኑ ላይ የመዝጊያው ቁጥር በአንድ ጨምሯል።

ኮምጣጤ ቁጭ ብላ የተዘጉትን ጥያቄዎች ሁሉ መፈለግ ጀመረች፤ የሦስቱን ሳምንት። «ነጥብ»፣ «ቁጥር»፣ «መጠን» የሚሉትን ቃላት እየሰጠች አወጣቻቸው። ነገሩን ያየችው ፋርማሲስቷ ብቻ አልነበረችም። ከሰባት ክሊኒኮች አሥራ ሁለት መልእክት መጥቷል። አንዱ «ዐሥር እጥፍ እየሆነብን ነው» ይላል። አንዱ «እባካችሁ ሰው ያንብበው» ይላል። አሥራ ሁለቱም ከልብ ተመስግነው ተዘግተዋል። እሷ ስትስቅባቸው የኖረችው፣ አያነቡም የምትላቸው ሰዎች አንብበዋል። ያላነበበው በደመወዝ የሚያነበው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ገባች። አልበላም አለች፤ አማቷ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጠበቋት። ተናግራ ስትጨርስ አፋቸውን ጠረጉ።

«በእኛ ጊዜም እንዲህ ያለ አለቃ ነበረን» አሉ። «ትልቅ ሰው መስመር ሲይዝ ማንም እንዳይገባበት የሚል ትእዛዝ ነበር። አንድ ቀን ትልቁ ሰውዬ ከወዳጁ ጋር ስለ ፈረስ እሽቅድድም ያወራል። በዚያ ሰዓት ከጋዝ ማከማቻው እሳት ተነሣ ብሎ አንድ ሰው ደወለ። ባዶ የቀረ ሌላ መስመር የለም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ፈረሱን ነቀልኩ፣ እሳቱን ሰካሁ። ምን ላደርግ ኖሯል? በማግስቱ ሦስት ወር መጋዘን ውስጥ ፖስታ እንድቆጥር ቀጡኝ። አይጥ ነበረበት።» ትንሽ አሰቡ። «አይጦቹ ከአለቃዬ ይሻሉ ነበር። አየሽ ልጄ፣ አለቃ ያልፋል። ባል እንኳ አልፏል።»

ኮምጣጤ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ከቆመችበት ሁለት ጉርሻ ጎረሰችና ወጣች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠቃሚዎችና ፕሮግራመሮች ሁሉ በሚያዩት የመወያያ ገጽ ላይ በራሷ ሙሉ ስም ጻፈች። ሁለቱን ፎቶዎች ለጠፈች። ከፎቶዎቹ ሥር ይህን አሰፈረች፦ «ፕሮግራማችን በአንዳንድ ፕሪንተሮች ላይ ነጥብ እየጣለ የመድኃኒት መጠን ዐሥር እጥፍ እያደረገ ያትማል። እስከሚስተካከል አታትሙ፣ በእጅ ጻፉ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የሰጣችሁትን መልሳችሁ ፈትሹ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሰባት ክሊኒኮች ነግረውናል፣ አልሰማንም።» ማሞካሻም ይቅርታም አልጨመረችበትም። ከዚያ የአርባ አንዱን ስልክ ዝርዝር ፊቷ ዘርግታ መደወል ጀመረች።

ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ጥላ አረፈባት። ቀና ስትል ጌታው ነው፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ከታች ጀምሬ ልደውል?» አላት። ሰው ጋ ደውሎ የሚያውቅ አይመስልም፤ የመጀመሪያዋን ክሊኒክ «ሄሎ፤ ኮማ ነው ችግሩ» ብሎ ጀመራትና ዘጋችበት። በሁለተኛው ኮምጣጤ ወረቀት ላይ የሚለውን ጽፋ ሰጠችው፣ ያንን እንደ ተማሪ እያነበበ ቀጠለ።

አሥራ ስምንተኛው ቁጥር ብዙ ጠራ። በመጨረሻ አንድ የተበሳጨ ሰው አነሣው፤ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ነው። «ቆይ፣ አንዲት ሴትዮ እዚህ እያስቸገረችን ነው፣ በኋላ ደውይ» አላት። ከኋላው የአንዲት ወጣት እናት ድምፅ፣ ከዚያም የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ስድሳ ሚሊ ጠርሙስ ነው የሰጣችሁኝ!» ትላለች እናትየዋ። «በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ አምስት፣ ለአምስት ቀን ብላችኋል። በሁለት ጊዜ የሚያልቅ ጠርሙስ እንዴት አድርጌ ነው አምስት ቀን የማደርሰው?»

«እመቤቴ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ነው የምንጽፈው» ይላል ሰውየው። «ከኮምፒውተር ይበልጣሉ?»

ኮምጣጤ ከወንበሯ ተነሣች። «አንተ ሰውዬ! ስማኝ። ስልኩን ለሷ ስጣት።»

«ማን ልበል?»

«ኮምፒውተሩ ነኝ! ስጣት!»

ሰውየው ደንግጦ ሰጣት። ኮምጣጤ ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «እህቴ፣ ለልጁ ሰጥተሽዋል?»

«አልሰጠሁትም። ሒሳቡ እምቢ አለኝ።»

«ልክ ነሽ። ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው። ሁለት ነጥብ አምስት ነው። አንቺ ልክ ነሽ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ኮምጣጤ ለተጠቃሚ «ልክ ነሽ» ስትል የሰማ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ባልደረቦቿ አንገታቸውን አዞሩ። እሷ ግን ስልኩን ለሰውየው አስመልሳ፣ ፕሪንተሩን ከግድግዳው እስኪነቅለው ድረስ አልለቀቀችውም። ከዚያ ተቀመጠች፣ አሥራ ዘጠነኛውን ደወለች።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አቶ ፈገግታ መጣ። በመወያያ ገጹ ላይ የጻፈችውን አንድ ሰው አሳይቶታል። ጥርሱን ሳታይ የቀረችው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያለ ጥርሱ ተራ ሰው ይመስላል።

«አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«ይህ ድርጅቱን መክዳት ነው።»

«አርባ አንዱን ደውዬ ጨርሻለሁ። ሦስቱ አላነሡም፤ ነገ ጠዋት እደውላለሁ።»

«ነገ ጠዋት እዚህ አትኖሪም።»

«እንግዲያው ከቤቴ እደውላለሁ» አለችና ሦስቱን ቁጥሮች በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች። መዝጊያው ስክሪኑን እያየ ነበር። ጌታው ቆሞ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ቃሉን ሳያገኘው ዘጋው። ኮምጣጤ አልተቀየመችውም። ለእሱ የዕለቱ የንግግር ኮታ አልቆበት ነው።

የስንብት ደብዳቤዋ በማግስቱ መጣ። ምክንያቱ «የአገላለጽ ሥነ ምግባር ጉድለት» ይላል። አማቷ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «እኔ እንኳ በፖስታ ቆጠራ ነው የተቀጣሁት፤ የናንተ ዘመን ቃል ብቻ ነው» ብለው ማድ ቤት ገቡ።

አሁን ትልቁ ድርጅት ተቆጥቶ ሳይፈርም ቀረ፣ አቶ ፈገግታም ወደ ፍራሹ ተመለሰ ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር በዚህ ምድር ብዙ አይደርስም። ሐሙስ ዕለት ተፈራረሙ። ገዢዎቹ ማስጠንቀቂያውን አይተው «እንዴት ያለ ፈጣን ድርጅት ነው፣ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል» ብለው ይበልጥ ወደዱት። አቶ ፈገግታም ጊዜ አላጠፋም። ዓርብ ጠዋት፣ ጌታው ማስተካከያውን ሠርቶ ከላከ በኋላ፣ ከድርጅቱ ባማረ ወረቀት አንድ መግለጫ ወጣ። «ንቁው የድጋፍ ቡድናችን ለደንበኞች ደኅንነት ባለው ጽኑ አቋም...» እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቡድኑን ወክሎ የብርጭቆ ዋንጫ የተቀበለው መዝጊያው ነው። ፎቶው ላይ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ራቅ ወዳለ ቦታ ያያል፤ የሚዘጋ ነገር የሚፈልግ ይመስላል።

ኮምጣጤ ያን ፎቶ ባየች ቀን ቤት ውስጥ ያለውን መስኮት ሁሉ ስትወለውል ዋለች። አላለቀሰችም። ያበሳጫት መባረሯ ሳይሆን መግለጫው ውስጥ ያሉት ሦስት የፊደል ግድፈቶች ናቸው ብላለች። አማቷ አላመኗትም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ መወያያ ገጹ መንጫጫት ጀመረ። ፕሮግራመሮቹ ናቸው። «ያቺ መራራዋ የት ገባች? ጥያቄ ስልክላቸው ዘግተህ ክፈት ይሉኛል፤ የምዘጋው ፕሮግራም ገና አልሠራሁም» ብሎ አንዱ ጻፈ። ሌላው አድራሻዋን አፈላልጎ በቀጥታ ጻፈላት። መመሪያውን አንብቤያለሁ ብሎ ነው የጀመረው። እሷም እንዳላነበበ ከነገጹ ቁጥር አስረዳችው። በማግስቱ ሁለት ሆኑ፣ በወሩ መጨረሻ መመለስ እስኪያቅታት በዙ። ከአርባ አንዱ ክሊኒኮች ዐሥራ አራቱ ደግሞ ተሰባስበው ኮምፒውተሮቻቸውን እንድትከታተልላቸው ጠየቁ። ደመወዙ ከቀድሞው ያንሳል፤ ቁጥር የሚሮጥበት ስክሪን ግን የለም። የምግብ ጠረጴዛቸው ግማሹ ቢሮ ሆነ። ስልኩን የሚያነሱት አማቷ ናቸው፤ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ብለው ከጠረጴዛው ማዶ ለማዶ ያቀብሏታል። ደዋዩ ድርጅቱ ትልቅ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ በትልቅ የገበያ ዘንቢል አንድ ከባድ ነገር ተሸክማ ቆማለች። ድምፅዋን ስትሰማ ነው ኮምጣጤ ያወቀቻት፤ ፋርማሲስቷ ናት። ለጉዳይ ከተማ መጥታ ኖሮ፣ በዚያው ብላ ፕሪንተሯን በዘንቢል ይዛ መጥታለች። ምስጋና አልተናገረችም፤ ተቀመጠች፣ ውኃ ጠጣች፣ ከአማትየው ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ተነጋገረች፣ ከዚያ ዘንቢሉን ወደ ኮምጣጤ ገፋ አደረገችው።

«አሁን ደግሞ ነጥቡን ትቶ ፊደሉን ያደበዝዛል» አለች።

ኮምጣጤ ክዳኑን ፈትታ ውስጡን በእጅ መብራት አየችው። ፊቷ ተኮማተረ። «ይህን ነገር በምንድን ነው የምታጸዱት?»

«በእርጥብ ጨርቅ።»

«በእርጥብ ጨርቅ! ሕፃን ልጅ ነው እንዴ ፊቱን የምታጥቡት?»

«ታዲያ ቆሽሾ ልተወው?»

«በደረቅ ጨርቅ ነው! በጠንካራ አልኮል ነከር አድርገው፣ ይቺን ጥቁሯን ክፍል ብቻ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ውኃ የሚባል ነገር በአጠገቡ እንዳያልፍ። መመሪያው ላይ አራተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ማን ያንብበው!»

ፋርማሲስቷ ከቦርሳዋ ማስታወሻ ደብተር አወጣች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ «ጥቁሯን ክፍል ብቻ፣ ከዚያስ?» ብላ ጠየቀቻት።